ለዘር የተቀመጠውን ዓሣ ማን በላው?

ቀኑ ሰኔ 25 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። እኛ እዚህ አዲስ አበባ የክልሎች ምርጫ ወሬ ገና ከአፋችን ሳይጠፋ፣ ኒውፋውንድላንድ በምትባለው የካናዳ ደሴት ዋና ከተማ በሴንት ጆንስ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጣሉ። ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ዓሣ አጥማጆች ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። በሌላ ክፍል ተቀምጠው በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። ሚኒስትሩ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ሲካሄድ የኖረው የሰሜን ኮድ ዓሣ ማጥመድ ለሁለት ዓመት መቆሙን፣ ሥራ ለሚፈታውም ሰው በሳምንት 225 ዶላር እንደሚከፈለው ሲናገሩ፣ እነዚያ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ አዳራሹ በር ሮጡ። በሩንም ሊሰብሩ ይታገሉ ጀመር። ፖሊስ ከለከላቸው።

ለመሆኑ በሩ ተሰብሮላቸው ቢገቡ ኖሮ የሚይዙት ማንን ነበር?

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ በቅርቡ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያገኘኋቸው አንድ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ባቱ ሄጄ ሳለ፣ በማለዳ ከጀልባቸው ሲወርዱ ደረስኩባቸው። የመረባቸው ዓይን ጠባብ ነው። ከመረቡ የሚያወጡት ቆሮሶ ደግሞ ከእጄ መዳፍ አይበልጥም። «ጋሼ፣ ይሄ ገና ጫጩት አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «ነው እንጂ! እኔ ብተወው ግን የዚያኛው መረብ ያወጣዋል» ብለው በአገጫቸው ወደ ጎረቤታቸው ጀልባ ጠቆሙኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ ደግሞ ዛሬም ይበላሉ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ዓሣን በጾም ሰሞን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ለዚህ ንግግር ምን መልስ ይኖረዋል? ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የኒውፋውንድላንድን ነገር ሳስብ መጣሁ። የዚያ አገር ሰዎች ይህንኑ ንግግር ተናግረውታል። ሚኒስትሮቻቸውም ተናግረውታል። መጨረሻውንም አይተውታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ኒውፋውንድላንድ ድንጋያማ ደሴት ናት። አፈሯ ስስ ነው፣ ክረምቷም ረጅም ነው። ሰው እዚያ የሰፈረው መሬቱን አይቶ ሳይሆን ባሕሩን አይቶ ነው። በዚያ አገር ሰው አነጋገር «ዓሣ» ማለት ኮድ ማለት ነው። ሳልሞኑ ሳልሞን፣ ሄሪንጉም ሄሪንግ ተብሎ በየስሙ ይጠራል። ዝም ብሎ «ዓሣ» ከተባለ ግን ኮድ ነው። እኛ «እንጀራ» ስንል የሚበላውንም፣ ደመወዙንም፣ ኑሮውንም እንደምንጠቅልለው ማለት ነው። ወንዶቹ በትንንሽ ጀልባ ያወጡታል፤ ሴቶቹና ልጆቹ ሰንጥቀው፣ በጨው አሽተው፣ በእንጨት ቆጥ ላይ ያደርቁታል። ነጋዴው ጨውና መረብ በዱቤ ሰጥቶ በመከር ጊዜ ዓሣውን ይወስዳል። ብዙ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ሳይዝ ዘመኑን የፈጸመበት ሥርዓት ነው። ይህን የምለው የቀድሞው ኑሮ ገነት ነበር የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው።

ባሕሩ ግን ሙሉ ነበር። ጆን ካቦት በ1497 ወደዚያ ሲደርስ አብረውት የነበሩት ሰዎች፣ ዓሣው ድንጋይ በታሰረበት ቅርጫት ሳይቀር ይቀዳል ብለው ማውራታቸውን በጊዜው የተጻፈ ደብዳቤ ይመሰክራል። ከ386 ዓመት በኋላ፣ በ1883፣ ታላቁ እንግሊዛዊ ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ ለንደን ላይ በተከፈተ የዓሣ ሀብት ኤግዚቢሽን ተገኝቶ የኮድ ሀብት ሊያልቅ የማይችል ነው ብሎ አስተማረ። ሃክስሊ አላዋቂ አልነበረም። በእርሱ ዘመን በነበረው መንጠቆና መረብ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እውነቱን ነበር።

ያልታሰበው መሣሪያ በ1954 መጣ። ፌርትራይ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ዓሣውን ከኋላዋ በሚጎተት ግዙፍ መረብ አፍሳ፣ እዚያው ላይ ቆራርጣና አቀዝቅዛ የምታከማች ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ የሶቪየት፣ የስፔን፣ የፖርቱጋል፣ የምሥራቅ ጀርመን መርከቦች ተከተሏት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት የሰሜን ኮድ የዓመት ምርት በአብዛኛው ከ300 ሺህ ቶን በታች ነበር። በ1968 ከ800 ሺህ ቶን በላይ ወጣ።

ካናዳ በ1977 ከጠረፏ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ውኃ የእኔ ነው ብላ አወጀችና የውጭዎቹን መርከቦች ከአብዛኛው ቦታ አስወጣች። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አሁን ባሕሩ ባለቤት አገኘ ተባለ። ባለቤቱ ግን በወጡት መርከቦች ቦታ የራሱን ትላልቅ መርከቦች አሰማራ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የሚከተለው ነው። አደጋውን ቀድሞ ያየው ሊቁ ሳይሆን በትንሽ ጀልባ የሚያጠምደው የጠረፍ ሰው ነበር። የጠረፉ ሰው ዓሣን አሳዶ አይዝም። ካፕሊን የሚባለው ትንሽ ዓሣ በሰኔና በሐምሌ ግድም ወደ ዳር ሲጠጋ፣ ኮዱም ሊበላው ተከትሎት ይመጣል። አጥማጁ መረቡን እንደ ክፍል አድርጎ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባሕሩ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጎድለው የእርሱ መረብ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዓሣው እያነሰ፣ እያጠረ መምጣቱን እየደጋገመ ጮኸ። ትልቁ መርከብ ግን በክረምት ዓሣው ለመራባት በአንድ ስፍራ የሚከማችበትን ቦታ በመሣሪያ ፈልጎ ስለሚደርስበት፣ መረቡ እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ ነበር። በበጋ የሚደርቅ ኩሬ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው ባነሰ ቁጥር ዓሣው ወደ መሐሉ ጉድጓድ ይሰበሰባል። እዚያ ቅርጫቱን የሚነክር ሰው «ኩሬው ጢም ብሎ ሞልቷል» ብሎ ይምላል። የመንግሥት ሊቃውንት የባሕሩን ሀብት ሲያሰሉ ከራሳቸው ጥናት ጋር የሚጨምሩት መረጃ ከእነዚህ ትላልቅ መርከቦች የሚመጣውን ነበር። የጠረፉ ሰው ቃል ግን ወሬ እንጂ መረጃ አልነበረም። መዝገብ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም።

ኋላ ሊቃውንቱ ስሕተታቸውን ነቁበት። ለ1989 ከ125 ሺህ ቶን በላይ መያዝ እንደማይገባ ምክር ሰጡ። መንግሥት 235 ሺህ ቶን ፈቀደ። ምክንያቱስ? ገንዘብ ወዳድነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኔም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ምክንያቱ ርኅራኄ ነው። ምርቱ በአንድ ጊዜ በግማሽ ቢቀነስ የማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሥራ ያጣል፣ መንደሮች ባዶ ይቀራሉ ተባለ። በሌላ አነጋገር፣ «ልጆቼ ደግሞ ዛሬም ይበላሉ»።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለመውለድ የደረሰው ዓሣ ከቀድሞው 1 በመቶ ገደማ ሲቀር ሁሉም ነገር ተዘጋ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሥራውን አጣ። በካናዳ ታሪክ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው ከሥራ ወጥቶ አያውቅም ይባላል።

እንግዲህ ርኅራኄ ጥፋት ሊሆን ይችላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ የእኛ ገበሬ ከማንም ፈላስፋ የተሻለ ምሳሌ አለው። በክፉ ቀን ጎተራው ሲራቆት ለዘር የተቀመጠችው እህል በአንድ ጥግ በስልቻ ትቆያለች። ልጅ በረሃብ ያለቅሳል። እናት ስልቻዋን ታያለች። ያንን እህል አውጥታ የፈጨችን እናት «አጠፋሽ» የሚል አፍ ያለው ማነው? እኔ የለኝም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ያቺ እናት የምትፈጨው ዘር መሆኑን ታውቃለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው የምትፈጨው። ባልም ያውቃል፣ ጎረቤትም ያውቃል። የሚበላው ሁሉ ዘር መብላቱን አውቆ ይበላል። ኒውፋውንድላንድ ላይ ግን ዘሩ «የዘንድሮ መከር» ተብሎ፣ በማኅተም ተፈቅዶ ተበላ። ለእኔ ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለተራበው ማዘናቸው ላይ አይደለም። የሚያበሉትን ነገር ስሙን ለውጠው ሰጡ። ስሙ ሲለወጥ ደግሞ የእጁ መንቀጥቀጥ ይቆማል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ሲቆም ስልቻው ባዶ እስኪሆን ድረስ ይበላል።

ሌላም ነገር አለ። ርኅራኄው የተቆረሰው ከማን ድርሻ ነበር? የፋብሪካው ሠራተኛና የትልቁ መርከብ ባለቤት ሚኒስትሩ ቢሮ ድረስ ድምፃቸው ይሰማል። መረቡ ባዶ የሆነበት የጠረፍ ሰው ድምፁ አይሰማም። በ1989 ገና ያልተወለደው ልጅማ ከነጭራሹ ድምፅ የለውም። በሌሉት ሰዎች ድርሻ ላሉት ሰዎች መራራት ምን ስም እንደሚሰጠው አላውቅም፤ ቸርነት ግን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ጋሬት ሃርዲንን ይጠቅስብኛል። ሃርዲን በዚያው የዓሣው ምርት ጣሪያ በነካበት በ1968 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ ላይ ሁሉም አንድ አንድ ከብት ሲጨምር ግጦሹ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። በእኛ አነጋገር ከራስ በላይ ነፋስ ነው። የዝዋዩ ሰው ንግግርም ይኸው ነው፤ «እኔ ብተወው የዚያኛው መረብ ያወጣዋል»። ነገር ግን የኒውፋውንድላንድ ታሪክ ከዚህ ትምህርት ጋር በደንብ አይገጥምም። የጠረፉ መንደሮች ጥሩ ጥሩውን የመረብ ቦታ በየዓመቱ በዕጣ ይከፋፈሉ ነበር። ዕጣ መጣል መሬት ሲከፋፈል ለኖረ የእኛ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕሩ የጋራ በነበረበት፣ ሰው ተያይቶ በሚተዳደርበት ዘመን ዓሣው ኖረ። የጠፋው ባለቤት፣ ሚኒስቴርና የኮታ መዝገብ ካገኘ በኋላ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው በሠሩት ደንብ ሊጠብቁ እንደሚችሉ ከልዩ ልዩ አገሮች ማስረጃ ሰብስባ በማሳየቷ ነው። እርግጥ የመንደር ደንብ 800 ሺህ ቶን የሚያፍስ መርከብን ሊያቆም አይችልም። ይህንንም መካድ አይገባም።

ከተዘጋ በኋላ የጥፋተኛ ፍለጋው ተጀመረ። የውጭ መርከቦች ናቸው ተባለ። በ1995 ካናዳ ኤስታይ የተባለችውን የስፔን መርከብ ከ200 ማይሉ ውጪ ተኩሳ አስፈራርታ ስትይዝ (ያውም ለሌላ ዓይነት ዓሣ ነበር) አገሬው ሆ ብሎ ደገፈ። አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ በላው ተባለ። ውኃው ቀዝቅዞ ነው ተባለ። ሊቃውንቱ ናቸው ተባለ። ክሮዝቢ ራሳቸው ከመግለጫው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቤይ በልስ በተባለ መንደር ሕዝብ ሲከባቸው፣ ዓሣውን ከባሕር ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብለው በቁጣ መልሰዋል። ሰውየው የዚያው ደሴት ልጅ ናቸው፤ ቤተሰባቸውም በዓሣ ንግድ የታወቀ ነበር። መልሳቸውን በማንበብ ብቻ ብንስቅባቸው ደግ አይሆንም። እውነትም አላወጡትም። ግን ማንም ቢሆን ይህን ሊል ይችላል። የመርከቡ ሠራተኛ «ታዝዤ ነው»፣ መርከቡ «ተፈቅዶልኝ ነው»፣ ፈቃጁ «ተነግሮኝ ነው»፣ ነጋሪው «ተሳስቼ ነው»፣ በላተኛውም «ገዝቼ ነው» ይላል። ጥፋቱ በሺህ ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከአንድ ዓሣ አያልፍም። አንድ ዓሣ ማውጣት ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ይሁንና ተከፋፈለ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። በእኔ እምነት ድርሻው የሚለካው በወጣው ዓሣ ብዛት ሳይሆን እያወቁ ዝም በማለት ልክ ነው። ከትላልቆቹ መርከቦች ላይ ትንንሽ ዓሣ እየተመረጠ ወደ ባሕር ሞቶ ሲጣል ያየ፣ አይቶም ያልተናገረ መርከበኛ ድርሻ አለው፤ ከሚኒስትሩ ግን ያነሰ ነው። ሚኒስትሩ ወንበሩን የያዘው ሊሰማ ነውና።

ሁለቱ ዓመት አለቀ፤ ዓሣው አልተመለሰም። ክፍያው በሌላ ስም ቀጠለ። ሕዝቡ «ፓኬጅ» ይለው ነበር። በ1994 የተጀመረው ሁለተኛው ፕሮግራም ብቻ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ገንዘቡን ለማግኘት ወይ ሥልጠና መግባት፣ ወይ ከሥራው ጨርሶ መውጣት ይጠየቅ ነበር። ነፋሱን በፊቱ ቆዳ የሚያነብ፣ ጉም ውስጥ ያለ መሣሪያ ወደብ የሚገባ ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ ከልጁ እኩዮች ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጠ። እንጀራውን አገኘ። የተወሰደበት ነገር ግን በቼክ የሚከፈል አልነበረም። ብዙ ወጣት ወደ አልበርታ የነዳጅ ሥራ ተሰደደ። በ1991 ከ568 ሺህ በላይ የነበረው የግዛቱ ሕዝብ በ2006 ወደ 505 ሺህ ወረደ። የሚገርመው፣ ኮዱ ሲጠፋ ሸርጣኑና ሽሪምፑ በዝቶ፣ የባሕሩ ገቢ በገንዘብ ሲቆጠር ከቀድሞው በለጠ። ገቢው ጥቂት ባለ ፈቃዶች እጅ ገባ እንጂ መንደሮቹን አላዳነም።

ከእነዚህ መንደሮች አንዷ ሊትል ቤይ አይላንድስ ትባላለች። የሸርጣን ፋብሪካዋ በ2010 ተዘጋ። መንግሥት መንደሩ በድምፅ ብልጫ ለመነሣት ከወሰነ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከ250 ሺህ እስከ 270 ሺህ ዶላር እከፍላለሁ፤ ነገር ግን 90 በመቶው መስማማት አለበት አለ። በ2015 ድምፅ ሲሰጥ 89.47 በመቶ ሆነ። አንድ ድምፅ እንኳ ያልሞላ ጉድለት! አስቡት እንግዲህ። ሐኪም ቤት ርቋቸው፣ ቤታቸውን የሚገዛ ጠፍቶ፣ ያንን ገንዘብ የሚጠብቁ አሮጊት አሉ። በአጥር ማዶ ደግሞ «አባቴ የተቀበረበትን አልለቅም» የሚል ጎረቤት አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ትናንት መረብ አብረው የጎተቱ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በ2019 ድጋሚ ሲጠየቁ ሁሉም አንድ ሳይቀር እንነሣለን አሉ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ የመብራት መሥመሩ ተቆረጠ፣ የጀልባው አገልግሎትም ቆመ። ከሃምሳ ጥቂት የሚበልጡት ነዋሪዎች ሲወጡ አንድ ባልና ሚስት ብቻ በፀሐይ ኃይል እየተጠቀሙ እንኖራለን ብለው ቀሩ። ያ ሁለተኛው ድምፅ የሰዎቹ ፈቃድ ነው ወይስ የአራት ዓመት ኩርፊያ ያደከመው ልብ? የድምፅ ቆጣሪ ይህን አይለይም።

ባለፈው ወር ዝዋይ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሰውየውን እዚያው ዳር አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸው። መረባቸውን እየጠገኑ በጥሞና ሰሙኝ።

«ተመለሰ ታዲያ ዓሣው?» አሉኝ።

ጥቂት መመለሱን፣ በ2024 የካናዳ መንግሥት ከ32 ዓመት በኋላ 18 ሺህ ቶን እንዲያዝ መፍቀዱን፣ ብዙ ሊቃውንት ገና ነው ማለታቸውን፣ የጠረፉ አጥማጆች ማኅበርም ትላልቆቹ መርከቦች አብረው መመለሳቸውን መቃወሙን ነገርኳቸው።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እየበሉ ቆዩ?»

«መንግሥት ለጥቂት ዓመታት ከፈላቸው፤ የቀሩት ተሰደዱ።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «እኛንስ ማን ይከፍለናል?» አሉና ወደ መረባቸው አቀረቀሩ።